ከዲቦ የመጣው ጎረቤታችን

ልጃችን ክርስትና በተነሣችበት ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባችም። ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው በር አጠገብ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ሰማንያ ቀን የሞላትን የልጅ ልጇን ለእኔ አስታቅፋ፣ “እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ” ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቴ ደግሞ የብቸና። ሁለቱም በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ እዚሁ ተጋብተው፣ እዚሁ ወለዱኝ። እኔ ቢዝነስ አጥንቼ በአንድ የግል ድርጅት የማርኬቲንግ ኦፊሰር ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከእምድብር ነው፤ ከካቶሊክ ቤተሰብ። ስንጋባ ወደ እርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ የሄድኩት ለትዳሬ ስል እንጂ ለእምነት ብዬ አልነበረም። የሠርጉ ዕለት ሰው ብዙ፣ ጭፈራውም ብዙ ስለነበር ነገሩ በእስክስታ ተሸፍኖ አለፈ። የክርስትና ቀን ግን ጭፈራ የለም። ያለው ቄስ፣ ውኃ፣ አንዲት ሕፃንና ከውጭ የቆመች አያት ነው።

ማታ ቤት ገብተን እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። “ቅዳሴው የእኛው አይደለም እንዴ?” ግንቡን ተደግፋ ስትሰማ ቆይታ ኖሯል። አዎን፣ የግእዙ ሥርዓት ነው። ከበሮውም፣ ጽናጽሉም፣ “እግዚኦ ተሣሃለነ”ውም ያው ነው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ፣ በአዲግራት፣ በእምድብር እንዲሁም በባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት የምትቀድሰው በዚሁ በአገሩ ሥርዓት ነው። ይህን ላስረዳት አፌን ስከፍት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እኛ ቤት አልመጣችም።

ይህን ገመና ለመጽሔት የማወጣው ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ብቻ ብቆጥር፣ በሃይማኖት ምክንያት ከአማቱ ወይም ከእናቱ ጋር የተኮራረፈ ሦስት ሰው አገኛለሁ። ሁላችንም ጉዳዩን በክርክር ልንፈታው እንሞክራለን። እኔም ሞክሬ ነበር፤ እንዳልሆነልኝ አንባቢ ገምቶታል።

መራራው ቃል

ጎጃም ውስጥ “ካቶሊክ” የሚለው ቃል ለምን እንደሚመር ለመረዳት አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ደግሞ የአገሩን ክርስትና እንደ ክርስትና አልቆጠሩትም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ በዓላቱና አጿጿሙ እንዲለወጡ አዘዙ። አገሩ ተነሣ። ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ስሕተት አለ። ገበያውን ሳያጠና፣ ሰውን ሳያዳምጥ፣ “የያዝኩት ጥሩ ነው፤ ትገዛለህ!” ብሎ የሚመጣ ሰው። ሃይማኖትን ከገበያ ጋር ማወዳደሬን ካህናቱ ይቅር ይበሉኝና፣ የፓትርያርኩን ታሪክ ሳነብ በጽሑፉ ዳርቻ ላይ በእርሳስ “አላዳመጠም” ብዬ ጻፍኩበት። ጎጃም ያን አልረሳም። የብቸናው አጎቴ ስለ ሱስንዮስ ሲያወራ ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው።

የማን ልጅ ነሽ?

እኔ በስም ብቻ የያዝኩት እምነት መቼ ወደ ልቤ እንደ ገባ ቀኑን መናገር አልችልም። ቦታውን ግን አውቀዋለሁ፦ ስድስት ኪሎ፣ የማዘር ትሬዛ ቤት።

ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የሚለብሱትን እኅቶች ብዙዎቻችሁ በመንገድ አይታችኋቸዋል። የማዘር ትሬዛ ማኅበር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የወደቀ፣ የታመመ፣ ጠያቂ ያጣ ሰው እዚያ ይሄዳል። ባለቤቴ ተማሪ ሳለ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት እየሄደ ያግዝ ነበር። በተጋባን በሦስተኛው ወር እኔንም ይዞኝ ሄደ። የማግዘው ነገር ይኖራል ብዬ ያሰብኩት በሙያዬ ነበር፤ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ብሮሹር ማዘጋጀት፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንዲት እኅት ፈገግ ብላ አየችኝና የጎማ ጓንትና አንድ ሳፋ የቆሸሸ አንሶላ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከባድ ነበር። ሽታው አልለቀቀኝም፤ ምሳም አልበላሁም። በሁለተኛው ቅዳሜ አንሶላ ላሰጣ ስወጣ ፀሐይ ላይ የተቀመጡ አንዲት ከሲታ ሴት ጠሩኝ። “አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። አነጋገራቸው የአባቴ አነጋገር ነበር። ብቸና። ያን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ “የት ነው የምትሠሪው?” እና “ቤታችሁ የት ነው?” ስባል ኖሬ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አያቴን ስጠራላቸው አላወቋቸውም፤ ቀዬውን ግን አወቁት። የወንዙን ስም፣ የገበያውን ቀን፣ የጤፍ አጨዳውን እያነሡ ምሳ እስኪደርስ አወሩኝ። እኔ በሕይወቴ ብቸና የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ ማለት እችላለሁ።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ “ምነው ደስ አለሽ?” አለኝ። ደስ እንዳለኝ ያወቅሁት እርሱ ሲጠይቀኝ ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ቅዳሴ ላይ ስቆም ለማን እንደምጸልይ አውቄ መቆም ጀመርኩ። ሴትዮዋ በቀጣዩ ዓመት አረፉ። እኅቶቹ የኦርቶዶክስ ቄስ አስመጥተው አናዟቸው። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገርኳት አሁንም ይገርመኛል፤ ስለ ሃይማኖት ሳወራት የማነሣው ሁልጊዜ ሌላ ሌላውን ነበር።

በግድግዳው ላይ ያሉት መነኩሴ

እናቴ ከቤታችን በቀረችበት ወር ወደ አንድ አባት ሄጄ አለቀስኩ። ካዳመጡኝ በኋላ “እናትሽ የት ናቸው አገራቸው?” አሉኝ። ሞጣ አልኩ። “አባትሽስ?” ብቸና። ሳቁ። “ታዲያ ከብፁዕ ገብረ ሚካኤል ሰፈር ነሻ!” ብለው በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳዩኝ። ያን ሥዕል ሦስት ዓመት ሙሉ አልፌው ገብቻለሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ከዚህ በላይ አስቤበት አላውቅም።

አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1791 ዲቦ በምትባል መንደር ነው። ዲቦ ያለችው መርጡለ ማርያም አጠገብ ነው፤ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ጉንደ ወይን ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ዓባይ በኩል። ልጅ ሳሉ አንድ ዐይናቸው ጠፋ። ለእርሻና ለከብት የማይሆን ልጅ በዚያ ዘመን የሚላክበት አንድ ቦታ ነበር፤ የቆሎ ትምህርት ቤት። አንድ ዐይን ያለው ልጅ ግን መምህራኑን አስደነቀ። መርጡለ ማርያም ተምረው፣ እዚያው መነኮሱ። ከዚያ ወደ ጎንደር ተሻገሩ፤ በሊቅነታቸውም ታወቁ።

ሊቅ ከመሆናቸው ይልቅ እኔን የገረመኝ ጥያቄያቸው ነው። የምንኩስና ሕይወት ለምን ቀዘቀዘ? የቀደሙት መነኮሳት የነበራቸው ነገር የት ገባ? ይህን ለማወቅ ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት ያገላብጡ ነበር። በጊዜው አገሩ በቅባትና በጸጋ ክርክር ተከፋፍሏል፤ ሊቅ የሚባለው ሁሉ በአንዱ ወገን ቆሞ ይሟገታል። እርሳቸውም መሟገት ያውቁበታል። ነገር ግን ክርክሩ ያላጠገበው አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ነበር። መልሱን ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ለመፈለግ ቆርጠው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ ጋር አንድ ጣሊያናዊ ቄስ ነበር፤ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ። የአገራችን ሰው በኋላ “አቡነ ያዕቆብ” ያለው ነው። በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በምትባል መንደር በ1800 ተወልዶ፣ በ1839 ዐድዋ ገብቷል። የገባውም ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ቁስል ያለበት አገር ውስጥ ነው። የፈረንጅ ቄስ ማለት ለሕዝቡ የሱስንዮስ ዘመን ማለት ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤልም ሰውየውን በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ይህ ሰው ግን አልተሟገታቸውም። አማርኛና ግእዝ ተምሯል። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ይለብሳል፤ ሰው የበላውን ይበላል፤ መሬት ላይ ይተኛል። ሲሰድቡት ዝም ይላል። የሚታመመውን ያስታምማል። መንገደኞቹ ካይሮ ደርሰው፣ ከዚያም ሮም ገብተው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀርበው፣ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ። አንድ ሰው በዚህን ያህል ጉዞ ጠባዩን ሊደብቅ አይችልም። ከአማትዎ ጋር ቁልቢ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን የጎጃሙ ሊቅ አልቸኮሉም። ከጉዞው መልስ ሁለት ዓመት ገደማ ሲያዩ፣ ሲመረምሩ፣ ሲጠይቁ ቆዩ። በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሠሩ። ለአገሩ ልጆች የሚሆን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ወጣቶችን አስተማሩ። በ1851፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ ጳጳስ የሆነው አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሾማቸው። ጣሊያናዊው ዘጠኝ ዓመት ያንሳቸው ነበር። አስቡት፣ ስልሳ ዓመት የሞላው የጎንደር ሊቅ በእርሱ ፊት ተንበርክኮ።

መጨረሻውን በአጭሩ ልናገር። በ1854 ጎንደር ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ታሰሩ። ተገረፉ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ። አፄ ቴዎድሮስ ነገሡ፤ ሽማግሌው መነኩሴም በፊታቸው ቀርበው እንቢ አሉ። የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በቦታው የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ለነፍሳቸው ከለመኑት አንዱ ነበር። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በእግር ብረት ሆነው ከሠራዊቱ ጋር ከሰፈር ሰፈር ተጎተቱ። ያን ጊዜ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ እንደሚተርኩት፣ ለራሳቸው የመጣላቸውን ምግብ ለሌሎች ይሰጡ ነበር፤ ወታደሮቹም ከዚያ ሁሉ ግርፋት ደጋግመው ሲነሡ አይተው “ቅዱስ ጊዮርጊስ” ብለው ሰየሟቸው። በ1855 ክረምት በመንገድ ላይ አረፉ። ጠባቂዎቻቸው አልቅሰው ከጥድ ዛፍ ሥር እንደቀበሯቸው ይነገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን አወጁ። ወዳጃቸው አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተባለ። ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬ በብፁዕ ገብረ ሚካኤል ስም የሚጠራ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አለ።

ይህን ስጽፍ ዐፄውንም ሆነ ጳጳሱን ለመክሰስ አይደለም። ዘመኑ ሌላ ዘመን ነው፤ ንጉሡ የተበታተነ አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ናቸው፤ ጳጳሱም መንጋዬ ያሉትን መጠበቃቸው ነው። ከታሪኩ ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ፍርድ ቤቱ አይደለም፤ የካይሮው መንገድ ነው። አንዱ ሌላውን ወራት ሙሉ ሲያይ።

ብቸና፣ ዓርብ ማታ

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። እማሆይ፣ የእናቴ እናት፣ ታመሙ ተባለ። እናቴ በአውቶቡስ ቀድማ ወደ ሞጣ ሄደች። እኛ ልጃችንን ይዘን በሳምንቱ ዓርብ ተነሣን። ዓባይን ተሻግረን ከደጀን ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ ብቸና ስንገባ ጀምበር ጠልቃ ነበር።

የአጎቴ ሚስት እንደ እናት ተቀበለችን። ማዕድ ሲቀርብ ሽሮና ጎመን ለሁላችን፣ ለባለቤቴ ግን በጎን በትንሽ ሳህን እንቁላል ፍርፍር። እንደ ሰማችው ካቶሊክ አይጾምም፤ እንግዳ ደግሞ መከበር አለበት። ባለቤቴ እጁን አጣምሮ “እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም ዓርብን እጾማለሁ” አላት። ሴትዮዋ ደነገጠች። እንቁላሉን ይዛ ስትመለስ ጓዳ ውስጥ ለልጆቿ “ይጾማል! ይጾማል!” ስትል ሰማናት።

አጎቴ ግን በእንቁላል የሚረታ ሰው አይደለም። ከቡናው በኋላ ጀመረ። “ያው የሱስንዮስ ሃይማኖት እኮ ነው” አለ። እኔም በቁጣ ሳይሆን በመጓጓት ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ነው።

“የት አገር ሰው ነው አልሽኝ?”

“ዲቦ።”

“ዲቦ? የመርጡለ ማርያሙ ዲቦ?” ቀና አለ። “ጎጃሜ ነዋ!”

ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ፣ “ጎጃሜ ነው ማለት ግን ልክ ነው ማለት አይደለም” አለኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። ጠዋት ሲሸኘን ለባለቤቴ አንድ ጣሳ ማር ሰጠው። “ለአባትህ ስጥልኝ” አለው። አጎቴ ለማያውቀው ሰው ማር አይሰጥም።

በማግሥቱ ጉንደ ወይን ላይ ታጥፈን መርጡለ ማርያም ደረስን። ከዛሬው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የጥንቱ ፍርስራሽ ቆሟል፤ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት፣ በግራኝ ጦርነት የጠፋ፣ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና የሠሩት። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሐረግና አበባ አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ ዐይን ያለው ልጅ እዚህ ጥላ ሥር ዳዊት ሲደግም አሰብኩ። ልጄ በበኩሏ እጇን ሰድዳ የድንጋዩን አበባ ልትነቅል ታገለች።

ሞጣ

የእማሆይ ቤት ከሞጣ ጊዮርጊስ ብዙ አይርቅም። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያቆመችው ደብር ነው፤ ሞጣ ማለት ለእማሆይ እርሱ ነው። ከመነኮሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስንገባ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ተሽሏቸዋል። እናቴ ልጄን ከእጄ ተቀበለችኝና ሳመቻት። ባለቤቴን በዐይኗ ሰላም አለችው።

“ና እስቲ ወዲህ” አሉት እማሆይ ባለቤቴን። “የማን ልጅ ነህ?”

ባለቤቴ ከፊታቸው ዱካ ላይ ተቀመጠና ቆጠረላቸው። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ እስከ ሰባት ቤት። የጉራጌ ስሞቹን እማሆይ እየደጋገሙ አፋቸው ላይ ሞከሯቸው፤ ያስቸገራቸውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሃይማኖቱን አልጠየቁትም። ያውቁታል።

ከዚያ እርሳቸው ማውራት ጀመሩ። ነጋዴ ስለነበሩት ባላቸው፣ ስለ ሰባራ ድልድይ። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በፋሲለደስ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ በወዲያ ማዶ ያሉት ይጎትታሉ፤ በታች ዓባይ ያገሣል። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ አሜሪካዊ የዚያን ገመድ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ፣ አላስችለው ብሎ መጥቶ ድልድዩን እንዳስጠገነ እኔ በንባብ አውቃለሁ። እማሆይ የሚያውቁት ገመዱን ነው።

“አያትሽ ሲሻገር” አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ “ወዲያ ማዶ የሚስበውን ሰው በስሙ አያውቀውም። ሲደርስ ያቅፈዋል። ከዚያ ጠላ ይገዛለታል።”

ባለቤቴ ጠየቃቸው። ገመዱ ከምን ነበር? ስንት ሰው ይስበዋል? አህያውስ እንዴት ይሻገራል? አንድም ጊዜ ሰዓቱን አላየም። እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ስለ አህያው ግን ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ታየው ነበር። ያን ጊዜ ስለ ስድስት ኪሎዋ የብቸና ሴትዮ ነገርኳት፤ እዚያው ቡናው ሳይወርድ። ስለ አንሶላው፣ ስለ ጨዋታችን፣ ስለ ቄሱ። “ቄስ አመጡላት?” አለች ቀስ ብላ። አዎን አልኳት። ጀበናውን አንሥታ ቀዳች፤ የመጀመሪያውን ስኒ ለእናቷ፣ ሁለተኛውን ለባለቤቴ ሰጠችው።

ሲመሽ እማሆይ ዳዊታቸውን ከራስጌያቸው አወጡ። ቆዳው ካረጀ ማኅደር ወጣ። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያነብላቸው የጎረቤት ዲያቆን ነው፤ ያን ማታ አልመጣም። “ግእዝ ታነባለህ?” አሉት ባለቤቴን። ልጅ ሳለ በእምድብር ቅዳሴ ያገለግል ነበር፤ ትንሽ ይሞክራል። መጽሐፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ተሳለመውና ኩራዙ አጠገብ ቀረበ።

አንድ መስመር እንኳ አልጨረሰም፤ እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

“ተነሽ ነው! አትጣለው!”

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ሳቀች። ከክርስትናው ቀን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እንደገና አነበበ።

“ይኸውልህ፤ አሁን መጣ” አሉ እማሆይ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። “ቀጥል።”